አጥንት ሲሰበር ምን እናድርግ? ከወደቀበት ደቂቃ ጄሶው እስከሚፈታ

የእህቴ ልጅ ያን ጊዜ 7 ዓመቱ ነበር። ኳሱ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጣችና ሊያወርዳት አጥር ላይ ተንጠላጠለ። ወደቀ። ክርኑ ዓይናችን እያየ አበጠ። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። «ሆስፒታል እንዳትወስዱት፣ ይቆርጡታል፤ ወጌሻ ጋ ነው» አሉን አንዲት የምናከብራቸው እናት። ልባቸው ቅን ነበር። እኛም ሰማናቸው።

እጁ ታሸ። በቀርከሃና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ። «ስብራት ነዋ፣ ያማል» እያልን አባበልነው። ሊነጋጋ ሲል «ጣቶቼ ውስጥ ጉንዳን እየሄደ ነው» አለኝ። እጁን ስይዘው ቀዝቅዟል። ጥፍሮቹ ጠቁረዋል። ማሰሪያውን በመቀስ ቀደን ሆስፒታል ሮጥን።

እጁ ተረፈ። ግን የሰዓታት ጉዳይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ባገኘሁ ቁጥር ስጠይቅ፣ ሳነብ ኖሬአለሁ። በየቤቱ መታወቅ አለበት የምለውን በቅደም ተከተል እነሆ።

ከሁሉ በፊት፦ አጥንት ሕይወት አለው

የዶሮ እግር አጥንት ውሰዱ። ሥጋውን አጽዱና ብርጭቆ ውስጥ በአቼቶ ዘፍዝፉት። አቼቶውን እየቀየራችሁ አንድ ሳምንት ያህል ጠብቁ። ስታወጡት እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። አቼቶው ማዕድኑን፣ በተለይ ካልሲየሙን አሟሙቶ ወስዶታል። የቀረው ኮላጅን የሚባል ክር መሳይ ፕሮቲን ነው። ሌላ አጥንት ደግሞ ከሰል ላይ አክርራችሁ አቃጥሉ። ቅርጹ አይጠፋም፤ በጣት ስትጫኑት ግን ይደቃል። አሁን የተቃጠለው ፕሮቲኑ ነው። ልጆች ካሏችሁ አብራችሁ ሞክሩት፤ በጣም ይወዱታል።

አጥንት የሁለቱ ድብልቅ ነው። ማዕድኑ ያጠነክረዋል፤ ፕሮቲኑ እንዳይሰባበር ይይዘዋል። የጭቃ ቤት ስንሠራ ጭቃውን ከጭድ ጋር እንደምናቦካው ማለት ነው። ላዩ ጠጣር፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ መሐሉ ላይ ደም የሚመረትበት መቅኔ አለ። ዙሪያውን ነርቭና የደም ሥር የሞላበት ስስ ሽፋን ለብሷል። ስብራት ያን ያህል የሚያመው አንዱ ምክንያት ይህ ሽፋን ሲቀደድ ነው።

ደግሞም ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። አሮጌውን አጥንት የሚያፈርሱ ሕዋሶች አሉ፤ ተከትለው አዲስ የሚገነቡ አሉ። ሥራቸው ቀንም ሌሊትም አይቆምም። ሲሰበርም እነዚሁ ሠራተኞች ናቸው የሚጠግኑት። ሐኪምም ሆነ ወጌሻ አጥንት አይጠግንም። አጥንት ራሱን በራሱ ይጠግናል። ከእኛ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ጫፍና ጫፉ በትክክል መግጠሙን፣ እንዳይነቃነቅ መደረጉን፣ ደም ሳይቋረጥ መድረሱን። ከታች ያለው ሁሉ የሚመነጨው ከእነዚህ ከሦስቱ ነው። ከሦስቱ ደግሞ ደሙ ይቀድማል። ጠምሞ የገጠመ አጥንት በኋላም ይቃናል። ደም አጥቶ የሞተ እጅ ግን አይመለስም።

ደረጃ 1፦ ወለምታ ነው፣ ውልቃት ነው ወይስ ስብራት?

ወለምታ የጅማት መጎዳት ነው። ውልቃት አጥንት ከመገጣጠሚያው ሲወጣ ነው። ስብራት ራሱ አጥንቱ ሲሰነጠቅ ወይም ሲቆረጥ ነው። ከውጭ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ ሦስቱም ያብጣሉ፣ ሦስቱም ያማሉ።

ቅርጹ ከጤነኛው እጅ ወይም እግር ጋር ሲነጻጸር ከተጣመመ ወይም ካጠረ፣ ሲወድቅ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ አጥንቱ ላይ አንዲት ነጥብ ስትነካ ልጁ ከጮኸ፣ እግሩ ላይ መቆም አቅቶት አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ካልቻለ፣ ስብራት ነው ብላችሁ ተነሱ። «ጣቱን ማንቀሳቀስ ከቻለ አልተሰበረም» የሚባለውን አትመኑ። ተሰብሮም ይንቀሳቀሳል።

ልጆች ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። የልጅ አጥንት እንደ እርጥብ እንጨት ነው። እርጥብ ቅርንጫፍ ስትሰብሩ በአንድ በኩል ይሰነጠቅና በሌላው በኩል ተጣብቆ ይቀራል አይደል? የልጅ ክንድም እንዲሁ ያደርጋል። ውጭው ደህና ይመስላል፣ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ይቀራል። ሦስተኛው ቀን ላይም ልጁ በዚያ እጅ ማንኪያ ማንሳት ከጠላ ራጅ ይነሣ።

ደረጃ 2፦ ባለበት ቦታ

አንገቱን ወይም ጀርባውን ከመታ፣ ከከፍታ ከወደቀ ወይም መኪና ከገጨው ብድግ አታድርጉት። ራሱን እንዳያዞር ይዛችሁ አምቡላንስ ጥሩ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ያዙ። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ወደ ውስጥ አትግፉት፤ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑና ሂዱ። ቡና፣ ቅቤ፣ አፈር፣ ምንም ነገር አትነስንሱበት። እንዲህ ዓይነቱ ስብራት በር የተከፈተለት ቤት ነው። ጀርም አጥንት ውስጥ ከገባ ለዓመታት መግል እያፈሰሰ ሊኖር ይችላል። በቶሎ አንቲባዮቲክ መጀመርና መታጠብ ያስፈልገዋል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም እንዲሁ።

ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓት፣ ጫማ ወዲያው ይውለቅ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ካበጠ አይወጣም። በረዶ ካገኛችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ 15 ደቂቃ ያህል አኑሩበት።

ውሃም ምግብም አትስጡት። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። እኛ አገር ለደነገጠ ሰው ቶሎ ውሃ ነው የምናቀምሰው። ኦፕራሲዮን ካስፈለገው ግን ሆዱ ባዶ ካልሆነ ማደንዘዣ መስጠት አደገኛ ነው፤ ሰዓታት ይጠብቃል።

ደረጃ 3፦ ለመንገድ ማሰር

ዓላማው መጠገን አይደለም። እንዳይነቃነቅ ማድረግ ብቻ ነው። ባገኛችሁት ቅርጽ እሰሩት፤ ለማቃናት አትጎትቱ።

ካርቶን በጣም ጥሩ ነው። የተጣጠፈ መጽሔት፣ የጣውላ ቁራጭም ይሆናል። ውስጡን በፎጣ ወይም በነጠላ አለስልሱት። ከስብራቱ በላይና በታች ያሉት ሁለቱም መገጣጠሚያዎች መያዝ አለባቸው፤ ክንድ ከሆነ ክርኑም አንጓውም። ከዚያ በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሉት። እግር ከሆነ መሐሉ ላይ ትራስ አድርጋችሁ ከጤነኛው እግር ጋር ማሰር ይቻላል። ማሰሪያው ሥር አንድ ጣት እንደ ልብ መግባት አለበት። ስብራቱ ላይ በቀጥታ ቋጠሮ አታድርጉ። ጣቶቹ እንዲታዩ ክፍት ይሁኑ።

የጭን አጥንት ስብራት ብቻውን ይጠቀስ። አዋቂ ሰው ጭኑ ሲሰበር ውጭ ምንም ሳይታይ ከአንድ ሊትር በላይ ደም ጭኑ ውስጥ ሊፈስ ይችላል። ከገረጣ፣ ላብ ካጠመቀው፣ ከደከመ፣ አስተኙት፤ አትዘግዩ።

ደረጃ 4፦ ጣቶቹን ማየት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ።

ከታሰረ በኋላ፣ ማንም ይሰረው ማን፣ በየሰዓቱ ጣቶቹን እዩ። ጥፍሩን ነጭ እስኪሆን ተጫኑና ልቀቁት። በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀይ ቀለሙ መመለስ አለበት። በእጃችሁ ጀርባ ነክታችሁ ሙቀቱን ከሌላው እጅ ጋር አነጻጽሩ። ዓይኑን አስጨፍናችሁ የትኛውን ጣት እንደነካችሁ ጠይቁት። ከዚያ ጣቶቹን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ዘርጉለት።

የመጨረሻው ትልቁ ምልክት ነው። ጣቶቹ ሲዘረጉ ክንዱ ውስጥ የማይቻል ሕመም ከተሰማው፣ ወይም ሕመሙ በማስታገሻ አልበርድ ብሎ እየባሰ ከሄደ፣ ክንዱ ውስጥ ያለው እብጠት የደም ሥሩን እየዘጋው ነው። ማሰሪያው ደግሞ ከውጭ ያግዘዋል። ደም ያጣ ጡንቻ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ የማይመለስ ጉዳት ይጀምረዋል። መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ፣ መጥቆር ሲመጣማ መሽቷል። ማሰሪያውን ያኔውኑ ፍቱት፤ እስከ ሥጋው ድረስ፣ ውስጡን ያለውን ጨርቅም ጭምር። «ይበላሽበታል» ብላችሁ አትፍሩ። ከዚያ ሆስፒታል፣ ሌሊትም ቢሆን።

የእህቴ ልጅ ሌሊቱን ያለቀሰው በስብራቱ አልነበረም። የክርን ስብራት፣ በተለይ ከክርኑ ከፍ ብሎ ያለው፣ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በጣም የተለመደ ነው። ዋናው የእጅ ደም ሥር የሚያልፈው እዚያው አጠገቡ ነው። ክርን ከሁሉ በላይ መታሸት የሌለበት ቦታ ነው።

ሰው ሲወድቅ እጁን መዘርጋቱ የጥንት ነው። ድንቅነሽን ታስታውሳላችሁ፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት። በ2016 እ.ኤ.አ. የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የክንዷ አጥንት ስብራት ከዛፍ ስትወድቅ እጇን ዘርግታ የደረሰባት ይመስላል ብለው ጻፉ። ያገኛትን ዶናልድ ጆሃንሰንን ጨምሮ ያልተስማሙ አሉ። እኔ ግን የልጁን ራጅ ካየሁ በኋላ ያን ዜና ሳነብ አንጀቴን በላኝ።

ደረጃ 5፦ ወጌሻ ወይስ ሆስፒታል?

ወጌሻን ለመስደብ አልጻፍኩም። ቅርብ ናቸው። ሂሳባቸው ይቻላል። ቤተሰብን ያነጋግራሉ፣ ያጽናናሉ። ሆስፒታል የሌለበት ቦታ ላይ ብዙ ሰው የቆመው በእነሱ ነው።

ግን «ሆስፒታል ይቆርጣል» የሚለው ነገር የተገለበጠ ነው። በሆስፒታሎቻችን ለልጆች እጅና እግር መቆረጥ ዋና ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ጠብቆ የታሰረ ስብራት ነው። ሐኪሙ የሚቆርጠው ቀድሞ ታስሮ የሞተውን ነው። ቤተሰብ የሚያየው ግን መጋዙን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወሬው ሰፈር ይደርሳል፣ ቀጣዩም ልጅ ይዘገያል። ስለ አስተሳሰር አጭር ሥልጠና የወሰዱ ወጌሾች ባሉበት አካባቢ ይህ ጉዳት መቀነሱ በአገራችን ታይቷል። ማለትም ጉዳዩ የክፋት አይደለም፣ የጥብቀት ነው።

የእኔ ምክር፦ ራጅ ይቅደም። ሆስፒታል ሩቅ ከሆነ፣ ቤተሰብም «ወጌሻ ካልሆነ» ብሎ ከጸና፣ ቢያንስ አራት ነገር ለምኑ። አይታሽ። አይጥበቅ። ጣቶቹ ይታዩ። ከቤታችን ሆነን መፍታት ይፈቀድልን። ጥሩ ወጌሻ በዚህ አይቀየምም። ቆዳው የተቀደደ ስብራት፣ የክርን ስብራት፣ የጭን ስብራት ግን ድርድር የለውም፤ ሆስፒታል ብቻ።

ደረጃ 6፦ ራጅና ጄሶ

ራጅ ቢያንስ ከሁለት አቅጣጫ ይነሣል። ከፊት ሲታይ ቀጥ ያለ አጥንት ከጎን ሲታይ ተለያይቶ ሊሆን ይችላል። ፊልሙን ወይም ስልክ ላይ የተላከውን ምስል አስቀምጡ፤ በኋላ ለማወዳደር ይጠቅማል።

ልጅ ከሆነ ይህን ጠይቁ፦ «የእድገቱ ክፍል ተነክቷል ወይ?» በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ ለስላሳ የልም አጥንት ንጣፍ አለ። ልጅ የሚረዝመው እዚያ ነው። ሴት ልጆች ላይ በ14 ዓመት፣ ወንዶች ላይ በ16 ዓመት ገደማ አብዛኛው ወደ አጥንት ተለውጦ ይዘጋል። ከዚያ በፊት ከተጎዳ አጥንቱ ሊያጥር ወይም እየጠመመ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ ስብራቱ ቢድንም ክትትሉ ይረዝማል። በሌላ በኩል የልጅ አጥንት በራሱ የመቃናት አቅሙ የሚያስገርም ነው። ለአዋቂ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ጥመት ልጅ ላይ በጄሶ ብቻ ሊተው ይችላል። ሐኪሙ «ይህ ይቃናል» ቢላችሁ ሊሸኛችሁ አይደለም።

የቀጠሮ ራጅ አትዝለሉ። አጥንቱ መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ጄሶው ሥር ሊንሸራተት ይችላል። ያኔ ከተያዘ ማስተካከል ቀላል ነው።

ደረጃ 7፦ ቤት ውስጥ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እጁን ትራስ ላይ ከልቡ ከፍ አድርጉት። ጣቶቹን በየሰዓቱ ያንቀሳቅስ። ጄሶው ውሃ እንዳይነካው። ሲያሳክከው በእስክሪብቶ ወይም በሹራብ መርፌ እንዳይቆፍር፤ ቆዳው ተልጦ ውስጥ ለውስጥ ይቆስላል። ሽታ፣ ትኩሳት፣ በጄሶው ላይ የሚወጣ እርጥበት ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። የደረጃ 4 ምርመራ ጄሶም ላይ ይሠራል፤ ሆስፒታል የታሰረም ሊጠብቅ ይችላል።

ውስጥ ምን እየሆነ ነው? መጀመሪያ የፈሰሰው ደም ይረጋል። ያ የረጋ ደም ቆሻሻ አይደለም፤ የግንባታው ቦታ ነው። ቦታው ሲታሽ የሚበተነው ይኸው ነው። በሁለት ሦስት ሳምንት ለስላሳ ድልድይ ይሠራል። ከዚያ ካልሲየም ይገባበትና ይጠነክራል። የልጅ ክንድ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይበቃዋል። የአዋቂ ቅልጥም ግን 3 ወር፣ 4 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የሚያጨስ ሰው አጥንቱ ይዘገያል። ማቆም ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይመጣም።

ደረጃ 8፦ ማዕዱ

«የቅልጥም መረቅ ይጠጣ» ይባላል። ይጠጣ፣ ይጣፍጣል፣ ያሞቃል። ካልሲየሙ ግን አጥንቱ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ ወደ መረቁ የሚወርደው ትንሽ ነው። ተልባና አብሽም እንደ ምግብ ደህና ናቸው፤ የጄሶን ቦታ ግን አይተኩም።

አንድ አዋቂ በቀን 1000 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ይፈልጋል፤ ከ9 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ 1300። አንድ ኩባያ ወተት ወደ 300 ይሰጣል። እርጎና አይብም አሉ። ጤፍ ከስንዴና ከማሽላ የበለጠ ካልሲየም አለው፤ ሊጡ መቡካቱ ደግሞ ካልሲየሙ ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዛል። ጎመን ከቆስጣ ይሻላል። ቆስጣ ውስጥ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዝ ኦክሳሌት በብዛት አለ። ሰሊጥም ጥሩ ነው። ኮላጅኑ እንዲሠራ ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ከተቻለ እንቁላል። የሚጾም ሰው ከሆነ ንስሐ አባቱን ያማክር፤ ለታመመ ሰው መንገድ አለው።

ካልሲየም ያለ ቫይታሚን ዲ ከአንጀት በደንብ አይገባም። ቫይታሚን ዲ ደግሞ ከፀሐይ ነው። በመስኮት መስታወት ያለፈ ፀሐይ ግን አይሠራም። በር ላይ አውጡት። ስዊድን ወይም ጀርመን የክረምቱን ጨለማ የምታሳልፉ ወገኖች፣ ገልፍ አገር ቤት ውስጥ ተዘግታችሁ የምትሠሩ እህቶች፣ የእናንተ ነገር ያሳስበኛል። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። ሐኪም ስታገኙ አስመርምሩ።

እማማ ወይም አባባ ሲወድቁ

ሴቶች የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ አጥንት አፍራሾቹ ሕዋሶች ከገንቢዎቹ ይፈጥናሉ። አጥንቱ ሳያም ይሳሳል። ምንጣፍ አደናቅፏቸው ወድቀው መነሣት ካቃታቸው፣ አንዱ እግር ካጠረና የእግሩ መዳፍ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ዳሌ ጋ ተሰብሯል። «እርጅና ነው፣ አልጋቸው ላይ ይረፉ» ማለት ክፉ ውሳኔ ነው። ተኝተው ሲቆዩ የሳንባ ምች፣ የጀርባ ቁስል፣ የደም መርጋት ይመጣል። ከተቻለ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ኦፕራሲዮን ሆነው ቶሎ ቢቆሙ ነው የሚሻለው። ከመውደቃቸው በፊት ደግሞ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ያለውን መንገድ ሌሊት መብራት አድርጉበት፤ የሚንሸራተት ምንጣፍ አንሡ።

ደረጃ 9፦ ጄሶው ሲፈታ

ልጆች መጋዙን ይፈራሉ። ይንቀጠቀጣል እንጂ እንደ እንጨት መጋዝ አይዞርም፤ ጠጣሩን ጄሶ ይቆርጣል፣ ቆዳ ግን ከእሱ ጋር አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ አይቆረጥም። አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

የሚወጣው እጅ ያስደነግጣል። ቀጥኗል፣ ቆዳው ይቀረፋል፣ አይታጠፍም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው «አሁን ይታሽ» የሚለው። ክርን ከሆነ በፍጹም። በኃይል ሲታሽና ሲጎተት ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊበቅል፣ መገጣጠሚያውም ይበልጥ ሊደርቅ ይችላል። ልጁ ራሱ ነው ማንቀሳቀስ ያለበት፣ ሕመሙ እስከሚፈቅድለት ድረስ። ኳስ መጫወትና ዛፍ መውጣት ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ፤ አዲሱ አጥንት ገና ጥሬ ነው።

የእህቴን ልጅ ማታ ማታ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቅርበን እዚያ ውስጥ ያጣጥፈውና ይዘረጋው ነበር። አንድ ኩባያ ሰጥተን ውሃ ከሳፋው ወደ ጆግ ቅዳ እንለዋለን። ጆጉን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ራቅ እናደርግበታለን። ክርኑ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ከሦስት ወር በላይ ፈጀ።